የአባቴ ማሳ «መኖሪያ» ሆነ፤ ካሳው ግን የጤፍ ነው። የቅሬታው 30 ቀን ሳያልቅ እርዱኝ

የወይራ ልጅ | መጋቢት 6 ቀን 2014፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ይቅርታ።

እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። አባቴና እናቴ ከአንድ የክልል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አራሾች ናቸው። ጉዳዩ ስላላለቀ ከተማውን አልጠራም። መሬታቸው 6 ጥማድ ነው፣ አንድ ሄክታር ተኩል መሆኑ ነው። 4ቱ ጥማድ ጤፍ ይዘራበታል። 2ቱ ወንዝ ዳር ስለሆነ በመስኖ ሽንኩርት እናወጣበታለን።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀበሌው ወደ ከተማ ተካለለ ተባለ። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። አባዬ እንደ ድሮው አረሰ፣ ግብሩንም ከፈለ። ዘንድሮ የካቲት 18 ደብዳቤ መጣ። ማሳው በፕላኑ ላይ «መኖሪያ» ስለሆነ ለቤት ሥራ ማህበራት ይሸነሸናል፣ ካሳው ተገምቷል፣ ቀርባችሁ ተቀበሉ ይላል።

ግምቱን ላንብብላችሁ። ሁሉም ማሳ ጤፍ ተብሏል። ሽንኩርት የሚል ቃል የለም። የ5 ዓመት አማካይ ተብሎ ዓመታዊ ገቢው 90,000 ብር ተደረገ። እሱ በ10 ተባዛ፣ 900,000 ብር። እኔ ለ15,000 ካሬ አካፈልኩት። ካሬው 60 ብር መጣ። አንድ ሽሮ ማለት ነው።

አባዬ «መንግሥት ከወሰነ ምን ይደረጋል» ብሎ ቁጭ ብሏል። ወንድሜ ብሩን ተቀብለን ባጃጅ እንግዛ ይላል። እናቴ ዝም ብላለች፣ እሷ ዝም ስትል ደግሞ ያስፈራል። እምቢ ማለት ይቻላል? ካልተቻለስ ካሳ የሚሰላው በእርግጥ እንዲህ ነው?

---

ነገር አሳጥር | መጋቢት 6

900 ሺ ብር ቆጥሮ ማመስገን ነው። ከተማ ላያድግ ነው እንዴ? ሁሉም ማሳዬን አትንኩ ካለ ሰዉ የት ይደር?

---

የወይራ ልጅ | መጋቢት 6

ሳሎንህን በሽሮ ዋጋ ልግዛህ?

---

ሕግ በቀላሉ | መጋቢት 7፣ ጠዋት

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ። ደብዳቤው የደረሳችሁ የካቲት 18 ከሆነ መጋቢት 18 ድረስ ነው ጊዜያችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቅሬታ የሚቀርበው ትዕዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ገበሬ የሚሸነፈው ሕግ አጥቶ አይደለም። 31ኛው ቀን ላይ ደርሶ ነው።

አሁን ወደ ግምቱ። «በ10 ተባዛ» ስትዪ ቡናዬን አስቀመጥኩት። በ10 ማባዛትና የ5 ዓመት አማካይ የድሮው አዋጅ ነው፣ 455/1997። እሱ ተሽሯል። በአዲሱ አዋጅ መጀመሪያ የሚታየው ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ነው። ምትክ ከሌለ ካሳው ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ በ15 ማባዛት ነው። አማካይ አይደለም፣ ከፍተኛው። 10 አይደለም፣ 15። ኮሚቴው የድሮውን ቅጽ ፎቶ ኮፒ እያደረገ ይሠራ ይሆናል። ተንኮል ነው አልልም፣ ስንፍናም ሊሆን ይችላል። ለአባትሽ ግን ውጤቱ ያው ነው።

በማሳው ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ደግሞ ለብቻው ነው። ዛፍ፣ አጥር፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የመስኖ ቦይ። እነዚህ ተቆጥረዋል?

እምቢ ማለት ይቻላል ወይ ላልሽው ልዋሽሽ አልፈልግም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እዚያው ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ አርሶ አደር ከመሬቱ እንዳይነቀል ጥበቃ አለው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 8 ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ተከፍሎ ንብረት ሊወሰድ ይችላል ይላል። «የሕዝብ ጥቅም» ምን እንደሆነ የሚወስነው አስተዳደሩ ነው፣ የጸደቀ ፕላን ካለ ደግሞ እጁ ረጅም ነው። ስለዚህ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ለምን ወሰዳችሁ» ሳይሆን «በስንት ወሰዳችሁ» ላይ ይወድቃል። ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመሬቱ ከመነሳታችሁ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት ግዴታ ነው፣ የአዋጅ 1161 አንቀጽ 8። ተወያይታችኋል?

---

የወይራ ልጅ | መጋቢት 7

አባዬን ደውዬ ጠየቅኩት። ኅዳር ላይ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር አለ። ስለ ማዳበሪያ ነው የተባለው። መጨረሻ ላይ ስለ ከተማ ዕድገት ትንሽ ተወራ፣ ሰው አቴንዳንስ ፈርሞ ወጣ። ያ ፊርማ «ተወያይተው ተስማምተዋል» ተብሎ ከፋይሉ ጋር ተያይዟል መሰለኝ።

---

ሕግ በቀላሉ | መጋቢት 7

ይመስላል አይበቃም። ቃለ ጉባኤውን በጽሑፍ ጠይቁ። አጀንዳው ማዳበሪያ ከሆነ በገዛ ወረቀታቸው ይታያል። ኅዳርም ቢሆን እስከ አሁን 4 ወር ነው፣ ዓመት አይደለም።

---

ቀያሹ | መጋቢት 7፣ ማታ

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፣ አትስደቡኝ። ችካል የምተክለው እኔ ነኝ። ስሜ እንዲጠራ አልፈልግም፣ እንጀራዬ ነው።

«ወደ ከተማ ተካለለ» እና «መሬቱ ተወሰደ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ያምታታቸዋል፣ አንዳንድ ቢሮም ሆን ብሎ ያምታታቸዋል። ቀበሌ ከተማ ክልል ውስጥ ሲገባ የአባትሽ የመሬት ይዞታ ደብተር አይሞትም። ቀጥሎ መዋቅራዊ ፕላን ይሠራል፣ የ10 ዓመት ነው። እዚያ ላይ ማሳችሁ ቢጫ ተቀባ፣ መኖሪያ ማለት ነው። ይሄም ገና ቀለም ነው። ከዚያ የአካባቢ ልማት ፕላን መጥቶ መንገዱንና ፓርሴሉን፣ ማለትም ተሸንሽኖ የሚሰጠውን ቁራሽ ቦታ፣ ያወጣል። ሰው የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ በማስነሻ ውሳኔ ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። በተግባር ካርታው ኮሪደር ላይ ይለጠፋል፣ በ1 ለ 10,000 መጠን። አባትሽ ያንን አይቶ «ይቺ ማሳዬ ናት» እንዲል ነው የሚጠበቀው።

ስለዚህ ሂጂና የማሳችሁ ኮኦርዲኔት (በካርታ ላይ መገኛውን የሚያሳየው ቁጥር) ያለበትን የፕላን ቅጂ ጠይቂ። ወንዙ ዳር ያለው 2 ጥማድ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለወንዝ ዳርቻ የሚተው ቦታ አለ። አረንጓዴ ከሆነ ለቤት መሸንሸኑ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

ሌላው ስፋቱ ነው። ደብተሩ መቼ የተሰጠ ነው? የመጀመሪያው ዙር ደብተር ብዙ ቦታ በገመድ ነው የተለካው። እኛ አሁን በጂፒኤስ ስንለካ ይለያያል። አንዳንዴ ይሰፋል፣ አንዳንዴ ይጠባል። ሲጠብ ገበሬው ተሰረቅሁ ይላል፣ ሲሰፋ ደግሞ ኮሚቴው ደብተሩን ብቻ ነው የማየው ይላል። የትኛውን እንደተጠቀሙ አረጋግጪ።

---

ዝግ ሂሳብ | መጋቢት 8

እዚህ ገብቶ መጻፍ ከበደኝ፣ ግን ልጻፍ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። በማህበር ተደራጅተን መሬት ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። 24 ነን። ብራችን ዝግ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል፣ የኛ ሆኖ አንነካውም። የቤት ኪራይ 11ኛ ዓመቴ ነው፣ 6 ቤት ቀይሬያለሁ። በመጨረሻው አከራዬ «ልጆችህ ይጮሃሉ» ብላ አስወጣችኝ። ልጆቼ ሁለት ናቸው።

እኛ የማንን ማሳ እንደምንወስድ አናውቅም። የሚደርሰን የፓርሴል ቁጥር ነው። ካሳው አንሶ ለኛ የተረፈ ነገርም የለም። ይሄን የምለው ገበሬው ሲያየን በጠላት ዓይን ስለሚያየን ነው። ባለፈው ቦታ እናሳያችሁ ብለው ሲወስዱን አንዲት እናት ከጎጆዋ ወጥታ ቆማ አየችን። ምንም አላለችም። እኔ ዞሬ ወደ መኪናው ገባሁ።

---

የወይራ ልጅ | መጋቢት 8

አንተን አይደለም የምከሰው። ግን እውነት ልንገርህ፣ እናቴ ብትሆን ኖሮስ እያልኩ ነው ያነበብኩት።

---

የቡልቡላው | መጋቢት 8፣ ማታ

ልጆች፣ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። ቦሌ ቡልቡላ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆነው ታዩአቸዋላችሁ። እኔ ጤፍና ሽምብራ ሆነው አይቻቸዋለሁ። ድሮ በገዛ ማሳው ላይ በቆመ ሕንጻ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰው አውቃለሁ። ማታ ማታ «ይሄ ብሎክ የበሬዬ ማሰሪያ ነበር» ይለኛል። ይስቃል ደግሞ።

የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን የቀሰቀሰውን ታስታውሳላችሁ። 2006 ላይ ተማሪው ተነሳ፣ 2008 ላይ ተመልሶ ፈነዳ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። የካቲት 2011 ደግሞ የ51,229 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ የኮዬ ፈጬው ጉዳይ ተነሳና ኦሮሚያ ውስጥ ሰልፍ ሆነ። ከባለ ዕድለኞቹ ብዙው በ1997 ተመዝግቦ ሲጠብቅ የኖረ ድሃ ነው። ገበሬውም የተነሳ ድሃ ነው። ሁለቱ ተፋጠው ቀሩ። መሬቱን በሽሮ ዋጋ ያስለቀቀው ሰው መሀል ላይ የለም።

---

አወያይ | መጋቢት 9

ከላይ ላለው አስተያየት ብሔር እየጠቀሱ የተሰጡ 3 ምላሾች ተነስተዋል። ክሩ እንዲዘጋ ካልፈለጋችሁ ስለ መሬቱ ብቻ ተወያዩ።

---

ሜሪላንድ 07 | መጋቢት 9

የኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። 2003 ላይ ለእረፍት ስመጣ ከአንድ ገበሬ 250 ካሬ ገዛሁ። ዘመድ ነው ያገናኘን። ወረቀቱ ላይ የብድር ውል ነው የሚለው፣ ገበሬው ከኔ ተበድሮ መሬቱን በመያዣ ሰጠኝ የሚል። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው አሉኝ። አጥር አጠርኩ፣ አንድ ክፍል ሠራሁ። አሁን ቦታው ፕላን ገባበትና ካሳው የሚከፈለው ለባለ ደብተሩ ነው ተባለ። ዶላሬን የበላው ማነው?

---

ሕግ በቀላሉ | መጋቢት 9

ወንድሜ፣ ሳትቆጣ ስማኝ። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ብድር ብለህ ብትጠራውም ስጦታ ብለህ ብትጠራውም ፍርድ ቤቱ ውስጡን ካየ ሽያጭ ነው፣ ሽያጩ ደግሞ ፈራሽ ነው። የመሬቱን ካሳ እንደ ባለይዞታ መጠየቅ አትችልም። ሊተርፍልህ የሚችለው የከፈልከውን ገንዘብ ማስመለስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ ይላል። የምትመለሰው ግን ወደ 2003 ብር ነው። የዚያን ጊዜ ዶላር ስንት እንደነበር አንተ ታውቃለህ።

ይልቅ ገበሬው ካሳውን ሳይበላው ቶሎ ተነጋገር። ከፈለገ ሊያካፍልህ ይችላል። ካልፈለገ ረጅም መንገድ ነው።

---

ሜሪላንድ 07 | መጋቢት 9

ገበሬው ሞቷል። ልጆቹ «አናውቅህም» አሉኝ።

---

ቡና አፍልታ | መጋቢት 10

የወይራ ልጅ፣ ሌላው ሰው ስለ አዋጅ ሲያወራ እኔ ስለ እናትሽ ልጠይቅ። ደብተሩ ላይ ስሟ አለ? ፎቶዋስ? ካለ ካሳው የሁለቱም ነው። ባንክ ሲከፈት በሁለቱም ስም ይከፈት፣ ሁለቱም ሳይፈርሙ እንዳይወጣ አድርጉት። እኔ የምለው ስላየሁ ነው። አክስቴ ቤት ካሳ ገባ። በ8ኛው ወር አይሱዙ ተገዛ። በ2ኛው ዓመት አይሱዙው ጋራዥ ቆሞ አክስቴ ጉሊት ወጣች። ባሏ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። 50 ዓመት ማረስ የሚያውቅ ሰው መኪና ንግድ ከየት ይምጣለት?

ለወንድምሽ ንገሪው፣ ባጃጅ ሽንኩርት አያበቅልም።

---

የወይራ ልጅ | መጋቢት 10

የእናቴ ስምና ፎቶ አለ። ዛሬ ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ እኔ ሳልፈርም መሬቱ ይወጣል እንዴ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ሞቅ አለ። አባዬ ከኋላ «ስልኩን ዝጊ፣ ካርድ ያልቃል» ይላል።

---

ቀያሹ | መጋቢት 10

አንድ ነገር ረሳሁ። ገቢውን በምን ታሳያላችሁ? ኮሚቴው የሚወስደው የግብርና ጽሕፈት ቤት የአካባቢ ምርታማነት መረጃና የገበያ ዋጋ ነው። «አባቴ 90 ኩንታል ሽንኩርት ያወጣል» ብትዪ ማን ያምናል? የመስኖ ተጠቃሚ ማህበር አባል ከሆነ ደብዳቤ ይጻፍለት። የሞተር ፓምፕ ደረሰኝ፣ የዘር ግዢ፣ የሽንኩርት ነጋዴው የሰጠው ቁራጭ ወረቀት ሳይቀር ሰብስቡ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ የምታውቃቸው ከሆነ ምስክር ናት። ፎቶም አንሱ፣ ቀኑ የሚታይበት።

ደግሞ አደራ፣ አሁን ባህር ዛፍ እንዳትተክሉ። ጎጆም እንዳትቀልሱ። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ለተጨመረ ነገር ካሳ የለም። እንዲያውም ፋይላችሁን ያበላሻል። አንድ ቦታ በአንድ ሌሊት 40 ጎጆ በቅሎ አይቻለሁ። ጠዋት ስንደርስ ጭቃው አልደረቀም።

---

የወይራ ልጅ | መጋቢት 12

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። አሁን የምጽፈው ከቤት ነው። ከአባዬ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። እሱ ያስታውሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። በ2013 ጤፉ 16 ኩንታል በ4,500 ብር፣ 72,000። ሽንኩርቱ 90 ኩንታል በ1,500 ብር፣ 135,000። ጭዱ 3,000። ድምሩ 210,000 ብር። በ15 ሲባዛ 3,150,000 ብር። ካሬው 210 ብር ይመጣል።

አባዬ ቁጥሩን ሲያይ ደነገጠ። «ይሄን ያህል እናገኝ ነበር እንዴ?» አለኝ። ወጪውን ስነግረው ሳቀ።

ፓምፑን የገዛበት ደረሰኝ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ከልደት ካርዳችን ጋር ታስሮ።

---

ሕግ በቀላሉ | መጋቢት 12

ጥሩ። አቤቱታው አጭር ይሁን። የተሻረ አዋጅ ተጠቅማችኋል፣ የመስኖው ማሳ አልተቆጠረም፣ የአንድ ዓመት ውይይት አልተደረገም፣ ምትክ መሬት መኖሩ አልተጣራም። በዚህ ቅደም ተከተል። ስለ አያቶቻችሁ አጥንትና ስለ አርበኝነት አትጻፉ። እውነት ቢሆንም ገማቹ የሚሰማው ቁጥር ነው።

በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም አስመቱ። «ነገ ተመለሱ» ካሏችሁ እዚያው ቁጭ በሉ። ቅሬታ ሰሚው ካልተስማማላችሁ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። በካሳ ስለተከራከራችሁ ብቻ ርክክቡ ይቆማል ብላችሁ ግን አትተማመኑ።

የአዋጅ 1161 አንቀጽ 7ንም አስታውሱ። መልሶ በሚለማ ቦታ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያ አለው። እናንተን ይሸፍናል አይሸፍንም ያከራክራል። ግን ጠይቁ፣ መጠየቅ አያስከፍልም።

---

ቀያሹ | መጋቢት 12

ቅድሚያው በወረቀት ያምራል። ለማልማት ብር አሳዩ ሲባል ገበሬው ከየት ያመጣል? እስካሁን በዚህ መንገድ መሬቱን ያስቀረ ገበሬ በኔ እጅ አላለፈም።

---

የወይራ ልጅ | መጋቢት 15

ገባ! 27ኛው ቀን ላይ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ኃላፊው የሉም» አለችን። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስከ 9 ሰዓት ጠበቅን። ማህተሙ ተመታ።

---

የወይራ ልጅ | ሚያዝያ 14

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ውሳኔው ትናንት ጸሎተ ሐሙስ ደረሰን። 10 የነበረው 15 ሆነ። አማካዩም ቀርቶ ከፍተኛው ዓመት ተወሰደ። ሽንኩርቱ ግን «በቂ ማስረጃ አልቀረበም» ተብሎ ቀረ፣ ሁሉም አሁንም ጤፍ ነው። አዲሱ ግምት 1,518,750 ብር። የውይይቱን ነገር በአንድ መስመር አልፈውታል። ስለ ምትክ መሬት «የለም» ይላል፣ ተፈልጎ ነው ወይስ ሳይፈለግ አይልም።

አባዬ ይበቃናል ይላል። እናቴ ይግባኝ እንበል ትላለች። ወንድሜ አሁን ሁለት ባጃጅ እያለ ነው።

ችካል ተተክሏል። አባዬ ችካሉን እየዞረ አረሰው። እንዳይነቅለው ፈርቶ፣ እንዳይተወው ደግሞ አላስችል ብሎት።

---

ነገር አሳጥር | ሚያዝያ 14

እኔ እንኳ መጀመሪያ የጻፍኩትን ልመልስ። 618 ሺ ብር በአንድ ወረቀት ነው የጨመራችሁት። ይግባኝ በሉ።

---

ዝግ ሂሳብ | ሚያዝያ 14

እኛም ዕጣ አወጣን። ከተማውን አልጠራሽም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የኔ ፓርሴል ወንዝ ዳር ነው። ጥግ ላይ አሮጌ የፓምፕ ቤት አለ፣ በቆርቆሮ የተሠራ።

---

የወይራ ልጅ | ሚያዝያ 14

በሩ ሰማያዊ ነው?

---

ዝግ ሂሳብ | ሚያዝያ 14

አዎ።

---

ሕግ በቀላሉ | ሚያዝያ 14፣ ማታ

አስተማሪ፣ የዚያን ፓምፕ ቤት ፎቶ ከነቦዩ አንስተህ ብትልክላት ለይግባኙ ይጠቅማል። ማሳው መስኖ እንደነበር ያሳያል። አንቺ ደግሞ የውሳኔውን ሙሉ ቅጂ ላኪልኝ፣ የላክሽው ላይ ገጽ 2 ይጎድላል።

---

ዝግ ሂሳብ | ሚያዝያ 14፣ ማታ

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ቦዩ ውስጥ ውሃ አለ አሁንም።

---

የወይራ ልጅ | ሚያዝያ 14፣ ማታ

ገጽ 2ን ከበዓል በኋላ እልካለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዝግ ነው። አስተማሪ፣ ስትሄድ እናቴ እዚያ ትኖራለች። ዝም ብለህ እንዳታልፋት።